የባሮክ ዘመን የመኳንንት ፖርትሬቶች (የሰው መልክ የሚያሳዩ ሥዕሎች)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ የአውሮፓ ሥዕል ማውራት ስጀምር ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። "እነዚህ ዊግ የደፉ፣ ፊታቸውን ኮስተር ያደረጉ ሰዎች ምናቸው ያስደስትሻል?" ይሉኛል። እኔ እነዚህን ሥዕሎች እንደ ደብዳቤ ነው የማነባቸው። አንድ ሰው በደንብ አስቦበት፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለሌላ ሰው የላከው ደብዳቤ። ማን እንዳዘዘው፣ ለማን እንደተላከ፣ ምን እንዲያሳምን እንደተፈለገ ካወቃችሁ ሥዕሉ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ከዚህ በታች ደጋግመው የሚመጡብኝን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሮክ የሚባለው የትኛው ዘመን ነው?

በግርድፉ ከ1600 እስከ 1750 ያለው ነው። ቃሉ ቅርጹ ወጣ ገባ ለሆነ ዕንቁ ከተሰጠ የፖርቱጋል ስም እንደመጣ ይነገራል። ስያሜውን የሰጡት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። የሰጡትም ለማሞገስ አልነበረም፤ "የተጋነነ፣ ቅጥ ያጣ" ለማለት ነበር።

ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ሥዕሎች ባላባቱ እንደ ግንድ ተተክሎ ይቆማል። ባሮክ ላይ ግን ሰውየው ዞር ይላል። አንድ እግሩን ያስቀድማል። ካባው በነፋስ ይነሣል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን መጥቶ ፊቱ ላይ ያርፍና ሌላው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ልክ አሁን በሩን ከፍታችሁ እንደገባችሁበት ሆኖ ነው የሚያያችሁ።

ሥዕሎቹ በእርግጥ ሰዎቹን ይመስላሉ?

እንደ ሠዓሊው ነው። እንደ ከፋዩም ነው።

በማሳመር አንቶኒ ቫን ዳይክን የሚያህል አልነበረም። በ1599 አንትወርፕ ተወለደ። በ1632 ለንደን ሄደ። በዚያው ዓመት ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ "ሰር" የሚያሰኘውን ማዕረግ ሰጠው፣ በዓመት 200 ፓውንድም ቆረጠለት። ቫን ዳይክ የንጉሡን ሚስት ሄንሪየታ ማሪያን ደጋግሞ ሥሏታል። በሸራው ላይ ቀጠን ያለች፣ እርጋታ ያላት፣ ቆዳዋ የሚያበራ ቆንጆ ናት። የንጉሡ የእህት ልጅ ሶፊያ እነዚህን ሥዕሎች አይታ ነበር። ከዚያ ንግሥቲቱን በአካል አገኘቻትና ክው አለች። ያየቻትን ሴት ኋላ በጻፈችው ማስታወሻ ትገልጻታለች። አጭር ናት። ክንዶቿ ረጃጅምና ከሲታ ናቸው። ትከሻዋ የተዛነፈ ነው። ጥርሶቿ ከምሽግ ብቅ እንዳለ መድፍ ወደ ፊት ወጥተዋል። ሶፊያ ያኔ ገና ልጅ ነበረች፤ ልጅ ደግሞ ያየውን ይናገራል። ግን ፍርደ ገምድል አልነበረችም። ጠጋ ብላ ስታይ ዐይኗ፣ አፍንጫዋና የቆዳዋ ጥራት ውብ እንደሆነ አክላለች። ቫን ዳይክ ያጎላው እነዚያን ነው። ሌላውን ዝም አለ።

ንጉሡም አጭር ሰው ነበር። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ቫን ዳይክ በ1635 ገደማ የሠራው የአደን ሥዕል አለ። ቻርልስ ከፈረሱ ወርዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ሠዓሊው ንጉሡን ከታች ወደ ላይ እንድናየው አድርጎናል። ፈረሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቷል። ስለዚህ የፈረሱ ራስ ከንጉሡ ራስ በታች ሆነ። ዘውድ የለም፣ በትረ መንግሥት የለም። እንስሳው እንኳን እጅ የነሣለት ሰው ዘውድ መጫን አያስፈልገውም። ይህ ሥዕል ከተሠራ 14 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ጥር 30 ቀን 1649፣ ያ ራስ ለንደን ላይ በመጥረቢያ ተቆረጠ። ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

የስፔኑ ሠዓሊ ቬላስኬዝ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። እሱም በ1599 ነው የተወለደው፣ ሴቪያ ውስጥ። በ1650 ሮም ላይ የሣላቸው ጳጳስ ኢኖሰንት 10ኛ ፊታቸው ቀላ ያለ፣ ዐይናቸው የሚጠራጠር፣ ከንፈራቸው የተጨመቀ ነው። ጳጳሱ ሲያዩት "ከልክ በላይ እውነት ነው" አሉ ይባላል። ቢሆንም ሥዕሉን ተቀብለዋል። ዛሬም ሮም በቤተሰባቸው ቤተ መንግሥት፣ በዶሪያ ፓምፊሊ ይገኛል።

የስፔን ነገሥታት አገጭ ለምን እንደዚያ ይወጣል?

የሠዓሊው ስሕተት አይደለም። ስፔንን ይገዛ የነበረው የሀብስበርግ ቤተሰብ አገጭ እውነት ነበር። የሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመድ ጋር ለብዙ ትውልድ ተጋባ። በ2019 የታተመ ጥናት የቤተሰቡን 15 ሰዎች በ66 ሥዕሎች መርምሮ፣ የዘመድ ጋብቻው በበዛ ቁጥር የታችኛው መንጋጋም ይበልጥ እንደሚወጣ አሳይቷል። ሐኪሞች ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሸራ አይተው ምርመራ ማድረግ መቻላቸው ሠዓሊዎቹ ምን ያህል ታማኝ እንደነበሩ ይነግረናል።

እኔን የሚገርመኝ አለመደበቁ ነው። ያ አገጭ እንደ ቤተሰብ ማኅተም ነበር። "የማን ዘር እንደሆንኩ እዩ" ማለት ነው።

ያን ያህል ሥዕል ለምን ያሠሩ ነበር?

ፎቶ አልነበረማ! አንድ ንጉሥ ግዛቱ ሁሉ ሊገኝ አይችልም። ሥዕሉ ግን በአምባሳደሩ አዳራሽ፣ በአገረ ገዢው ቤት፣ በባዕድ ቤተ መንግሥት ይሰቀላል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ሥዕል ከተሠራ በኋላ ቅጂው ደጋግሞ ይባዛል።

ከሁሉም በላይ ግን ለጋብቻ ነበር። የስፔኗን ልዕልት ማርጋሪታን ብዙ ሰው ያውቃታል። ቬላስኬዝ በ1656 በሠራው፣ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ባለው ትልቅ ሥዕል መሃል የቆመችው የ5 ዓመት ልጅ ናት። ልጅቷ ለእናቷ ወንድም ለኦስትሪያው ሊዮፖልድ ታስባ ነበር። ወደ ቪየና በተከታታይ ምስሏ ተላከ። ዛሬ ቪየና የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ብትሄዱ ሦስቱን ታገኛላችሁ። አንዱ ላይ ገና ሕፃን ናት፣ ሮዝ ቀሚስ ለብሳለች። ሁለተኛው ላይ ነጭ ለብሳለች። በ1659 በተሣለው ላይ 8 ዓመቷ ነው፣ ሰማያዊ ለብሳለች። የቀሚሱ ስፋት ከቁመቷ ጋር የሚፎካከር ነው። እጆቿን ቀሚሱ ላይ ከማሳረፍ ሌላ የት ታድርጋቸው?

ሦስቱን ሥዕሎች በተራ ስታዩ የቤተሰብ አልበም ይመስላሉ። የታዘዙት ግን ወደፊት ባሏ የሚሆነው አጎቷ እድገቷን እንዲከታተል ነው። በ1666 ተዳረች። 4 ልጆች ወለደች፤ ያደገችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ማርጋሪታ በ1673 በ21 ዓመቷ ሞተች። ያችን ሰማያዊ ቀሚስ ስመለከት "እንዴት የሚያምር ቀለም ነው" ብዬ ብቻ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሁሉም አንድ ሥዕል ብቻ አስረጂን ብንልሽ?

እሺ። ሪጎ የሚባል ሠዓሊ በ1701 የሠራውን የፈረንሳዩን ሉዊ 14ኛ እንውሰድ። ሉቭር ነው ያለው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ77 ነው። ፊቱ ስትቆሙ ዐይናችሁ በቀጥታ የሚያርፈው የንጉሡ ወገብ አካባቢ ነው። ፊቱን ለማየት አንገታችሁን ማቅናት አለባችሁ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ከላይ እንጀምር። ትልቅ ጥቁር ዊግ አለ። ከሥሩ የ63 ዓመት ሰው ፊት። ጉንጩን በደንብ እዩት፤ ገባ ብሏል። ንጉሡ በዚያ ዕድሜው ብዙ ጥርሱን አጥቶ ነበር። ሪጎ ይህን አልሸሸገውም።

አሁን ወደ ታች ውረዱ። እግሩ የ20 ዓመት ጎረምሳ እግር ነው! ነጭ ጠባብ ካልሲ፣ ባቱ የወጣ፣ አንዱ እግር ከሌላው ፊት ቀድሞ እንደ ዳንሰኛ የተሰናዳ። ሉዊ በወጣትነቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ባሌት ይደንስ ነበር፤ በ1653 ፀሐይ ሆኖ ደንሷል። በ1701 ግን ሪህ የሚያሠቃየው ሽማግሌ ነበር። ከወገብ በላይ ያለው ሰው ያረጃል። ከወገብ በታች ያለው አያረጅም። የመጀመሪያው ሉዊ ነው፣ ሁለተኛው ፈረንሳይ ነው ብዬ ነው የምረዳው።

ካባው ውስጡ ነጭ ለምድ ነው። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ኤርሚን ከሚባል ትንሽ የበረዶ አገር እንስሳ ቆዳ የተሰፋ። የእያንዳንዱ እንስሳ ጅራት ጫፍ ጥቁር ስለሆነ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ማለት አንድ እንስሳ ማለት ነው። ቁጠሯቸው። ውጩ ሰማያዊ ከፋይ ሆኖ በወርቅ የሊሊ አበባ ተጠልፏል። የጫማው ተረከዝ ቀይ ነው፤ ቀይ ተረከዝ ቤተ መንግሥት ለሚገባ ባላባት ብቻ የተፈቀደ ነበር። በትረ መንግሥቱን ደግሞ ገልብጦ እንደ ከዘራ ተደግፎታል። የንግሥናውን ምልክት እንደ ተራ ዕቃ ተደገፈው። ሥልጣን የለመደ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሥዕሉ የታዘዘው በቅርቡ የስፔን ንጉሥ ለሆነው የልጅ ልጁ ለፊሊፕ 5ኛ እንዲላክ ነበር። ሲያልቅ ግን ሉዊ በጣም ወደደውና ለራሱ አስቀረው። ለልጅ ልጁ ሌላ ቅጂ አዘዘለት።

ባላባቶቹ ስንት ሰዓት ይቀመጡ ነበር?

ከምታስቡት ያነሰ። የቫን ዳይክን አሠራር ያባክ የሚባል የኮሎኝ ባንከኛ ነግሮናል። እሱ ራሱ በቫን ዳይክ ደጋግሞ ተሥሏል።

ባለጉዳዩ በቀጠሮው ይመጣል። ቫን ዳይክ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ አይሠራበትም። ሰዓቱ ሲሞላ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ቀጣዩን ቀጠሮ ይነግረዋል። ወዲያው ረዳቱ ብሩሹን ያጥባል፣ ሌላ የቀለም ሰሌዳ ያቀርባል፣ ቀጣዩ ሰው ይገባል። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ላይ ይሠራል። የሰውየውን አቋም በወረቀት ላይ በጥቁርና በነጭ ጠመኔ የሚነድፈው በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ ንድፉ ለረዳቶቹ ይሰጣል። ልብሱም ከባለቤቱ ተለምኖ እዚያው ሥራ ቤቱ ይቀራል። ረዳቶቹ ልብሱን እያዩ ይሥላሉ፣ መጨረሻ ላይ ጌታው በብሩሹ ይዳስሰዋል።

እጆቹስ? ለእጅ ሞዴልነት የሚቀጠሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ያንን ረጅምና ለስላሳ ጣት "ይኼ ነው የጨዋ ልጅ እጅ!" ብላችሁ ስታደንቁ የምታደንቁት የሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል።

ከቫን ዳይክ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ የሆነው ፒተር ሌሊ ነገሩን የበለጠ አደራጀው። አቋሞችን በቁጥር ይዞ ነበር። ደንበኛው ፊቱን ይዞ ይመጣል፣ አካሉ ከተዘጋጀው ውስጥ ይመረጥለታል። የድሮ የአዲስ አበባ ፎቶ ቤት ትዝ አይላችሁም? ግድግዳው ላይ የተሣለ ፏፏቴ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ኮትና ከረባት። እኔ እንደዚያ ነው የምረዳው።

ዋጋው ስንት ነበር?

በመጠን ነው የሚተመነው። ራስና ትከሻ ብቻ አንድ ዋጋ ነው፣ እስከ ወገብ ሌላ፣ ሙሉ ቁመት ከሁሉም ውድ ነው። ሌሊ በ1671 ለራስ 20 ፓውንድ፣ ለግማሽ አካል 30፣ ለሙሉ ቁመት 60 ያስከፍል ነበር።

በዚያው ለንደን፣ በዚያው ዘመን ሜሪ ቢል የምትባል ሠዓሊ ለራስ 5 ፓውንድ፣ ለግማሽ አካል 10 ትቀበል ነበር። የቤቱ ገቢ የእሷ ብሩሽ ነበር። ባሏ ቻርልስ ሥራውን ካጣ በኋላ ረዳቷ ሆነ፤ ቀለም ያዘጋጅላታል፣ ሸራ ይገዛል፣ ማን መጣ ማን ከፈለ ብሎ በየቀኑ በደብተር ይይዛል። ከደብተሮቹ የተወሰኑት እስከ ዛሬ አሉ። ሴቶች በዚያ ዘመን አልሣሉም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠራው ስም የሷ ነው።

ጥቁር ልብስ ለምን በዛ? የሀዘን ነው?

አይደለም፣ የሀብት ነው። የማይለቅ፣ ድብን ያለ ጥቁር ለማውጣት ብዙ ወጪ ይጠይቅ ነበር። ስፔኖች ከሜክሲኮ በሚመጣ እንጨት ጥቁር የሚያቀልሙበት ዘዴ ነበራቸው። የስፔን ቤተ መንግሥት ጥቁር ሲለብስ ጨዋነትንም ሀብትንም በአንድ ልብስ አሳየ።

በአንገት ላይ የሚደረገው ትልቅ ነጭ እጥፋትም ታሪክ አለው። እሱን ማጠብ፣ በስታርች ማድረቅ፣ በጋለ ብረት ማጠፍ የሰው ጉልበት ይበላል። ፊሊፕ 4ኛ በ1623 ብክነትን ለመቀነስ ብሎ በአዋጅ ከለከለው። በቦታው ጎሊያ የሚባል ጠፍጣፋና ደረቅ ኮሌታ መጣ። የቬላስኬዝ ፊሊፕ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ሳሕን የተቀመጠ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ዳንቴሉን ግን ቀርባችሁ እዩት። ቬላስኬዝ የሣለው ዳንቴል ከ3 ሜትር ርቀት እያንዳንዱ ክር የሚቆጠር ይመስላል። አንድ እርምጃ ቅረቡ። ሌላም ጨምሩ። ክሩ ይጠፋል። የሚቀረው በችኮላ የተጣለ የሚመስል ነጭና ግራጫ ቀለም ነው። ሩቅ ስትሆኑ ዳንቴሉን የሚሠራው የራሳችሁ ዐይን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስመላለስ የሙዚየሙ ዘበኛ ጠርጥሮኝ ተጠግቶኝ ነበር።

ከወይዛዝርቱ ጎን የሚታዩት ጥቁር ልጆች እነማን ናቸው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ የእኛ ሰዎች ናቸው። ልክም ናቸው።

ቫን ዳይክ በ1623 ጄኖቫ ላይ ኤሌና ግሪማልዲ የምትባል ባለጸጋ ሴት ሥሏል። ሥዕሉ አሁን ዋሺንግተን ዲሲ በብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው። ሴትዮዋ ጠቆር ያለ ልብስ ለብሳ በትላልቅ ዓምዶች አጠገብ ትራመዳለች። በእጇ የብርቱካን አበባ ይዛለች። ከኋላዋ አንድ ጥቁር ልጅ ቀይ ጃንጥላ ይዞላታል። ጃንጥላ የክብር ምልክት መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ጃንጥላው ከራሷ ጀርባ ተዘርግቶ ልክ እንደ ቅዱሳን አክሊል ይከባታል። የእጅጌዋ ጫፍ ቀይም ከጃንጥላው ቀይ ጋር ይነጋገራል።

ልጁ ቀና ብሎ ያያታል። እሷ ግን እኛን ነው የምታየው።

የእሷን ስም እስከ ባሏ የቤተሰብ ስም ድረስ እናውቃለን። የልጁ ስም አልተመዘገበም። ጄኖቫ የባሪያ ንግድ ከተማ ነበረች፤ በሀብታም ቤት ጥቁር አሽከር መኖሩ እንደ ሐሩና እንደ ዕንቁው ሀብት ማሳያ ነበር። ሠዓሊዎች የልጆቹን ጥቁር ቆዳ የእመቤቲቱን ንጣት ለማጉላት ይጠቀሙበት ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ሥዕል ፊት ስለ ቫን ዳይክ ብሩሽ አውርቶ ይሄዳል። እኔ ልጁ ጋ ቆም በሉ እላለሁ። ፊቱ በጥንቃቄ ነው የተሣለው። ከፊቱ አንድ ሰው ቆሞለት ነበር ማለት ነው።

ስሙ ያልጠፋ ሌላ ሰው ደግሞ አለ፣ ሁዋን ደ ፓሬሃ። የቬላስኬዝ ባሪያ ነበር፤ በሥራ ቤቱ ያገለግለው ነበር። ቬላስኬዝ በ1650 ሮም ሳሉ ሣለው፣ ያንኑ ዓመት መጋቢት ላይ ፓንቴዎን በሚባለው ጥንታዊ ሕንጻ ለሕዝብ አሳየው። ፓሬሃ በሥዕሉ ላይ አሽከር አይመስልም። ትከሻውን ዘንበል አድርጎ፣ አንድ እጁን ካባው ላይ አሳርፎ፣ ዐይን ለዐይን ያያችኋል። ነጭ የዳንቴል ኮሌታ አድርጓል። ባላባት የሚሣልበት አቋም ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ቬላስኬዝ የነጻነት ወረቀት ፈረመለት፤ ግን ተጨማሪ 4 ዓመት እንዲያገለግል ግዴታ አስገብቶ። ፓሬሃ ከዚያ በኋላ ራሱን የቻለ ሠዓሊ ሆነ። በ1661 የሠራው የማቴዎስ ጥሪ ፕራዶ አለ። በሥዕሉ ዳር ራሱን ሥሏል፣ በእጁ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ። ስሙን ማንም እንዳይረሳበት።

ቬላስኬዝ የሣለው የፓሬሃ ምስል ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ የተሣለ ኢትዮጵያዊ አለ?

አለ! ይህን ስመልስ ደስ ይለኛል።

ጸጋ ክርስቶስ የሚባል ወጣት በ1630ዎቹ በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ጣሊያን ገባ። የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ፣ ዙፋኑ ይገባኛል አለ። ያኔ በአገራችን ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው ነበር። የጸጋ ክርስቶስ አባባል በዘመኑም አከራክሯል። ያዕቆብ የሞቱት በ1607 ስለሆነ ወጣቱ የእሳቸው ልጅ ለመሆን ዕድሜው አይመጥንም የሚሉ ነበሩ። የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ግን እንደ መስፍን ተቀበሉት። ሮም፣ ቱሪን፣ ከዚያ ፓሪስ ደረሰ። በ1638 ፓሪስ አጠገብ ሩኤል ላይ በወጣትነቱ ሞተ።

ቱሪን ሳለ ጆቫና ጋርዞኒ ሣለችው። ጋርዞኒ የሳቮይ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበረች፤ ፍራፍሬና አበባ በመሣል ነው ይበልጥ የምትታወቀው። በ1635 የሠራችው ይህ ምስል ግን ከመዳፍ የምታንስ ትንሽ ሥዕል ናት፣ በብራና ላይ የተሠራች። ጸጋ ክርስቶስ በአውሮፓ ባላባት ልብስ ነው ያለው። በጀርባዋ ደግሞ የሠዓሊዋ ስም ተጽፏል፣ በላቲን ፊደልና በእኛ ፊደል! ጋርዞኒ የቁም ጽሕፈት የተማረች ሴት ነበረች። ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ "ይኼ ጆ ነው፣ ይኼ ቫ ነው" ሲላት ይታየኛል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ፊደሉ ግን እዚያው አለ። ሥዕሉ አሁን አሜሪካ ኦሃዮ፣ በኦበርሊን ኮሌጅ የአለን ሙዚየም ይገኛል።

ሁለተኛው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በ1652 ጀርመን ጎታ ሄደው፣ በመስፍኑ ኤርንስት ቤተ መንግሥት ለጀርመናዊው ምሁር ለኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩ ካህን። በመዳብ ላይ የተቀረጸ ምስላቸው በ1691 በሉዶልፍ መጽሐፍ ታትሟል። መኳንንት አልነበሩም። ግን ያ ዘመን አንድን ኢትዮጵያዊ በስሙና በራሱ ፊት ካቆየባቸው ጥቂት ምስሎች አንዱ ስለሆነ ልተወው አልፈለግኩም።

ሥዕሎቹ እንደዚህ ጨለማ የሆኑት መጀመሪያውኑ ነው?

በከፊል። ብዙዎቹ ቡናማ ወይም ግራጫ መደብ ላይ ስለተሠሩ የዘይት ቀለሙ በጊዜ ብዛት ሲሳሳ መደቡ ከሥር ብቅ ይላል። ከላይ የተቀባው ቫርኒሽም ይቢጫል። ከርካሽ ሰማያዊ ብርጭቆ ዱቄት የተሠራ ሰማይ ግራጫ ይሆናል፤ ከአፍጋኒስታን ድንጋይ የሚወጣው ውዱ ሰማያዊ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጸናል። አንዳንድ ቀይ ቀለምም ብርሃን ሲበላው ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንድ ወይዘሮ ዛሬ እንደ ሬሳ የነጣችው ጉንጯ ላይ የነበረው ቀይ ስለለቀቀ ነው።

የዘይቱ መሳሳት አንድ ጥቅም አለው። ፕራዶ ባለው የወጣቱ ፊሊፕ 4ኛ ሥዕል ቬላስኬዝ መጀመሪያ የሣላቸው እግሮች አሁን ካሉት ጎን እንደ ጥላ ይታያሉ። ሠዓሊው ሐሳቡን ሲቀይር እጅ ከፍንጅ ትይዙታላችሁ።

የት ሄጄ ልያቸው?

ለንደን ያላችሁ፣ ብሔራዊ ጋለሪ በነጻ ነው የሚገባው። ቫን ዳይክ የሠራው ቻርልስ በፈረስ ላይ እዚያ አለ። ቪየና፣ ማድሪድ፣ ፓሪስ ትኬት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ደግሞ የዋሺንግተኑና የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ብዙ ሥዕሎቻቸውን በትልቅ ጥራት በድረ ገጻቸው በነጻ ለቀዋል። ስልካችሁ ላይ አጉልታችሁ የብሩሹን ፀጉር ዱካ ማየት ትችላላችሁ።

ዋሺንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን ታድላችኋል። ብሔራዊ ሙዚየሙ መግቢያ አይከፈልበትም። ከመሄዳችሁ በፊት ሥዕሎቹ የተሰቀሉበትን ክፍል ከድረ ገጹ አረጋግጡ። ኤሌና ግሪማልዲንና ጃንጥላ ያዡን ልጅ እዩ። ሠዓሊው ሩበንስ በ1606 የሣላት ብሪጂዳ ስፒኖላ ዶሪያም እዚያው ናት። እሷ መጀመሪያ ሙሉ ቁመቷን ነበር የተሣለችው፤ ኋላ ሸራው በአራቱም ጎን ተቆረጠና እግሯን አጣች።

ከዚያ የኤሌናን ትንሽ ልጅ ፊሊፖን ፈልጉት። ቫን ዳይክ በዚያው በ1623 ነው የሣለው። ገና 5 ዓመት አልሞላውም። እንደ ጎልማሳ ኮስትሯል፣ አቋሙም የጌታ ነው። በአንድ እጁ ግን የቡችላ ገመድ ይዟል።